ድኩላው ክረምቱን የት ይከርማል?

ጥያቄው የመጣው ከደቡብ ወሎ ነው። ጠያቂው ደሴ የሚሠራ ወጣት ነው። ቤተሰቦቹ የሚኖሩት ቦረና ወረዳ፣ ከደንቆሮ ጫካ ጥግ ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«አባቴ ከጫካው ሥር መስኖ አላቸው። ባቄላ፣ ጎመንና ካሮት ያለማሉ። ክረምቱን ሙሉ ድኩላ የሚባል ነገር አይታይም። ከታኅሣሥ በኋላ ግን ሌሊት ሌሊት ይመጣል። ጥርና የካቲት ላይ ይብሳል። በልጉ ሲጥል ደግሞ ድምጥማጡ ይጠፋል። የሰፈሩ ሰው ‹ክረምቱን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ነው የሚከርመው› ይላል። እኔም የውጭ አገር አጋዘኖች ወቅት ጠብቀው ሲሰደዱ በቪዲዮ አይቻለሁ። የእኛም እንደዚያ ነው? ደግሞ አንዳንዴ ጥቁር፣ አንዳንዴ ቀይ ሆኖ ይታያል። ቀለሙን በየወቅቱ ይቀይራል እንዴ? አባቴ ውሻ ሊለቁበት አስበዋል። ትናንት ደግሞ ታናሽ ወንድሜ የድኩላ ግልገል ብቻዋን ተኝታ አግኝቶ ቤት አምጥቷታል። ምን እናድርግ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ከግልገሏ ልጀምር። እሷ ጊዜ የላትም።

ግልገሏ አልጠፋችም። እናቷም አልተወቻትም። እናት ድኩላ ስትወልድ ግልገሏን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሥር ታስተኛታለች። ከዚያ ራቅ ብላ ትሰማራለች። የምትመጣው ልታጠባት ነው። ነብር ወይም ጅብ ሽታ ተከትሎ እንዳይደርስባት የግልገሏን ኩስ ሳይቀር ትበላዋለች። ግልገሏ ከእናቷ ጋር እንደልብ መዞር እስክትጀምር ወራት ይፈጃል። እስከዚያው ሥራዋ ጸጥ ብሎ መተኛት ነው። ሰው አጠገቧ ሲደርስ እንኳ ላትነሳ ትችላለች። ልጆች «ታማለች» ወይም «እናቷ ሞታለች» ብለው የሚያነሷት ለዚህ ነው።

ታናሽ ወንድምህ አዝኖላት ነው፤ አትቆጡት። ግን ዛሬውኑ፣ ሳይመሽ፣ ካገኛት ቦታ መልሶ ያስተኛት። የሰው እጅ ስለነካት እናቷ አትጠላትም። የላም ወተት አትስጧት፤ ሆዷን ያበላሸዋል። አስቀምጣችሁ ወዲያው ሂዱ። «ትመጣ እንደሆነ እንይ» ብላችሁ ከቆማችሁ እናትየው ዝር አትልም። ቦታውን በትክክል ካላስታወሰው፣ ወይም ግልገሏ ቆስላ ከሆነ፣ ደንቆሮ ጫካ ያለበትን ፓርክ ጽሕፈት ቤት አማክሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ድኩላው ወደ ዓባይ በረሃ አይወርድም። ክረምቱን የሚከርመው እዚያው እናንተ ዘንድ ነው። አባትህ ሐምሌ ላይ ማሳቸውን ሲያርሙ፣ ምናልባት ከጥሻው ውስጥ ሆኖ ያያቸዋል።

ያየኸው ቪዲዮ ውሸት አይደለም። ግን የሌላ እንስሳ፣ የሌላ አገር ኑሮ ነው። በሰሜን አሜሪካ ተራሮች ላይ ትልልቅ ጆሮ ያለው አንድ የአጋዘን ዓይነት አለ። ሙቀት በሚሆንባቸው ወራት ከፍታው ላይ ይውላል። በረዶ ሲወርድ ግን ምግቡ ከበረዶ ሥር ይቀበራል። እዚያ መቆየት ማለት በረሃብ ማለቅ ነው። ስለዚህ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዋዮሚንግ ግዛት አንዱ መንጋ በዚህ መንገድ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ያንኑ ርቀት ይመለሳል። ሲመለስም ዝም ብሎ አይሮጥም። ለምለሙ ከቆላ ወደ ደጋ እየወጣ ሲሄድ፣ እሱም ለጋውን እግር በእግር ተከትሎ ይወጣል።

አገራችንም የራሷ ስደተኛ አላት። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል የሚመላለሰው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በመቶ ሺዎች ሆኖ ይንቀሳቀሳል። እሱ የሜዳ እንስሳ ነው፤ ሣር በሊታ ነው። ሜዳው ሲደርቅ ወይም በውኃ ሲጥለቀለቅ ቦታ ከመቀየር ሌላ ምርጫ የለውም።

ድኩላ ግን የጥሻ ልጅ ነው። በመንጋ አይሄድም። ብቻውን፣ ቢበዛ እናትና ልጅ ሆኖ ነው የሚታየው። ሕይወቱን የሚያተርፈው በመሮጥ ሳይሆን በመደበቅ ነው። ስለዚህ ገላጣ ሜዳ ማቋረጥ አይወድም። በጥሻማ አገር አንድ ድኩላ የሚኖርበት ክልል ብዙውን ጊዜ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የት ምንጭ እንዳለ፣ የት ኮሽም እንደሚያፈራ፣ የትኛው ጉድባ ከውሻ እንደሚያስጥል ያውቃል። ይህን እውቀት ትቶ ወደማያውቀው በረሃ መውረድ አይጠቅመውም። ዓባይ በረሃ ውስጥም ድኩላ ሊኖር ይችላል። እነዚያ ግን እዚያው የሚኖሩ ናቸው።

ሌላም ልዩነት አለ። የሰሜን አገር አጋዘን ጊዜ የሚቆጥረው በቀን ርዝመት ነው። በ45 ዲግሪ ሰሜን ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ሰባት ሰዓት ገደማ ልዩነት አለ። ቀኑ ማጠር ሲጀምር የወንዱ ሰውነት ይለወጣል፤ የድሪያ ወቅቱ ይገባል። ግልገሎቹም ሁሉ በአንድ ሰሞን፣ ቅዝቃዜው ካለፈ በኋላ ይወለዳሉ። ወሎ ደግሞ 11 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ነው። በእኛ ዘንድ የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። ድኩላን እንዲህ አንድ ወር ላይ የሚያስረው ነገር የለም። በማንኛውም ወር ሊወልድ ይችላል። እርግዝናው ስድስት ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ወንድምህ ግልገል በደረቁ ወቅት ማግኘቱ አያስገርምም።

እንግዲህ ቦታውን ካልለቀቀ ለምን አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል? ይህን ለመረዳት ሆዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ላምና ድኩላ ሁለቱም ያመሰኳሉ። ሆዳቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የላም ጨጓራ ሰፊ ነው። ገለባም ቢሆን እዚያ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ይብላላል። ላሟ ትከሳለች እንጂ በጭድ ትከርማለች። የድኩላ ጨጓራ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ምግቡም ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ የሚበላው ነገር ለስላሳና ገንቢ መሆን አለበት። ለጋ ቅጠል፣ እንቡጥ፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ሐረግ ነው የሚመርጠው። ሣር የሚበላው ገና ሲበቅል፣ ለጋ ሳለ ነው። ጭድ ላይ ብታስረው ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ይሞታል። ድኩላ ዓመቱን ሙሉ ለጋ ነገር ፈላጊ ነው። በየወቅቱ የሚቀየረው ለጋው የሚገኝበት ቦታ ነው፤ ከእሱም ጋር ድኩላው የሚወጣበት ሰዓት።

ክረምቱን ተመልከት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጫካው ውስጥ ያልለመለመ ነገር የለም። ማገጡ፣ ሐረጉ፣ የቀጋው ጫፍ፣ የአሜጃው ቀንበጥ፣ ከዛፍ ሥር የሚወጣው ቅጠላ ቅጠል፣ ሁሉም ለጋ ነው። ድኩላው ከተኛበት ተነስቶ ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ይጠግባል። ቅጠሉ ራሱ ውኃ ስለሞላው ወንዝ መውረድ አያስፈልገውም። በዚህ ላይ ጉሙ አለ። ጥሻው ጥቅጥቅ ብሏል። ገብሱና ባቄላው ራሱ መደበቂያ ይሆናል። ሰውም በእርሻና በአረም ስለሚያዝ እንጨት ለቀማ እንደ በጋው ወደ ጫካ አይገባም። ታዲያ እንዴት ይታያል? የሰፈሩ ሰው «ሄዷል» ያለው አይፈረድበትም። ግን አለመታየትና አለመኖር አንድ አይደሉም። ማረጋገጥ ከፈለግህ ነሐሴ ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ በማለዳ በጫካው ጠርዝ ጭቃ ላይ ዱካ ፈልግ። ታገኘዋለህ።

ከመስከረም በኋላ ጫካው ቀስ እያለ ይቀየራል። አበባው ይረግፋል፤ ፍሬው ይተካል። ቀጋ፣ ኮሽም፣ አጋም፣ ወይራ፣ እንደየከፍታው በየጊዜያቸው ያፈራሉ። በዚህ ሰሞን አንድ ደስ የሚል ነገር ማየት ይቻላል። ጦጣና ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ወጥተው ሲበሉ ብዙ ፍሬና ቅጠል ያራግፋሉ። ድኩላ ይህን ያውቃል። ከሥር ሆኖ የወደቀውን ይለቅማል። ጦጣዎቹ ነብር ሲያዩ ስለሚጮሁም ዘብ ሆነውለታል። ጦጣ የሚንጫጫበት ዛፍ ሥር በጸጥታ ብትቀርብ፣ ድኩላ በቀን ለማየት ከሁሉ የተሻለው ዕድልህ ይህ ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ይመጣል። የወሎን ደጋ ውርጭ አንተው ታውቀዋለህ። ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ይወርዳል። ጠዋት ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል። ገላጣ ላይ ያለው ቅጠላ ቅጠል ይቃጠላል። ከትልልቅ ዛፍ ሥር ያለው ግን ይተርፋል፤ ቅርንጫፉ ሙቀቱን ይይዝለታል። ስለዚህ ድኩላው ከጫካው ክፍት ቦታዎች ወጥቶ ጽዱና ኮሶው ወደሚጠጋጋበት ይሰበሰባል። ይህ የጥቂት መቶ ሜትር ጉዳይ ነው። ስደት የሚባለው እንቅስቃሴ በእኛ ድኩላ ዘንድ ቢኖር ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን እህሉ ይታጨዳል። ትናንት መደበቂያ የነበረው ማሳ ባዶ ይሆናል። ከብቱ ቃርሚያው ላይ ይሰማራል።

ከዚያ ጥርና የካቲት ይመጣሉ። አባትህን ያስቸገሩት ሁለቱ ወራት። እዚህ ላይ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ይገጣጠማል።

መጀመሪያ ጫካው ውስጥ ያለው ቅጠል ያረጃል። ያረጀ ቅጠል ጠንካራ ነው። በዚያ ላይ ታኒን ይበዛበታል። ታኒን ቆዳ ለማልፋት ከምንጠቀምባቸው ቅርፊቶች ውስጥ ያለው፣ አፍ የሚያስረው ነገር ነው። ተክሉ ራሱን የሚከላከልበት መድኃኒቱ ነው። ብዙ ሲበላ ምግቡን ከመፈጨት ያግደዋል። ስለዚህ ድኩላው ከአንድ ቁጥቋጦ ጥቂት፣ ከሌላው ጥቂት እያለ ያቀላቅላል። ለዚህ ደግሞ ብዙ መዞር አለበት።

ሁለተኛ፣ ቃርሚያው ያልቃል። ከብቱና ፍየሉ ወደ ጫካው ጠርዝ ይገባሉ። ፍየል የምትበላው ልክ ድኩላው የሚበላውን ነው። ከመሬት ጀምሮ አንገቷ እስከሚደርስ ድረስ ያለውን ለጋ ትጨርሰዋለች። እረኛው አለ፤ ውሻው አለ፤ እንጨት ለቃሚው አለ። ድኩላው ቀን ቀን ከተደበቀበት አይንቀሳቀስም። ሰው በሌለበት ጫካ ጠዋትና ማታ ሲበላ የሚታየው እንስሳ፣ እዚህ ጨርሶ የሌሊት እንስሳ ይሆናል።

እንግዲህ አስበው። ሌሊት ነው። ርቦታል። ጫካው ደርቋል። በነፋሱ ውስጥ ግን የረጠበ አፈርና የባቄላ ቅጠል ይሸታል። አባትህ በመስኖ ያለሙት ማሳ በዚያ ወር በአካባቢው ካለው ሁሉ ለጋው ቦታ ነው። ጥሻው ደግሞ እስከ ማሳው ድረስ ይደርሳል። ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ።

በልጉ ሲጥል የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ጥሩ ዝናብ ከወረደ ቁጥቋጦው ቶሎ ያቆጠቁጣል። ጫካው ውስጥ ለጋ ካለ በውሻና በሰው መካከል ማሳ ድረስ መምጣት ለድኩላው አላስፈላጊ ድፍረት ነው። ስለዚህ ይተወዋል። በልግ የቀረበት ዓመት ግን እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ሊመላለስ ይችላል። ወሎ በበልግ ተስፋ የሚያደርግ አገር ነው። በልጉ ሲቀር ገበሬውም ይቸገራል፤ ድኩላውም ይቸገራል፤ ሁለቱም ያችኑ መስኖ ያያሉ።

ስለ ቀለሙ የጠየቅኸው ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ዓይነት እንስሳ ይመስለዋል። በደጋችን ያለው የምኒልክ ድኩላ ይባላል። በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው። አዋቂው ወንድ ጥቁር ማለት ይቻላል። ሴቷና ግልገሉ ቀላ ያለ ቡናማ ናቸው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ወጣት ወንድ መጀመሪያ ቀላ ብሎ እያደገ ሲሄድ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁር ስታይ አዋቂ ወንድ ነው፤ ቀይ ስታይ ሴት ወይም ወጣት ነው። ወቅቱ ምንም አያገባውም። የሰሜን አሜሪካው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ግን እውነትም ጠጉሩን በየወቅቱ ይቀይራል። በሙቀቱ ወራት ቀይ፣ በብርዱ ወራት ግራጫ ይሆናል። ቀንዱም በየዓመቱ ወድቆ በአዲስ ይተካል። የድኩላ ቀንድ አይወድቅም። ውስጡ አጥንት፣ ላዩ ሽፋን ሆኖ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።

ወደ መፍትሔው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ባቄላውን የሚበላው በርግጥ ድኩላ ነው? ሌሊት የሚመጣው ሁሉ ድኩላ አይደለም።

የተበላውን ጫፍ እዩት። ድኩላ እንደ ፍየልና በግ የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም። ቅጠሉን ይዞ ይገነጥለዋል። ስለዚህ ጫፉ የተቀደደና የተንጨባረረ ይሆናል። ጥንቸል ግን ከላይም ከታችም ስለት አላት። የበላችው ግንድ ሰያፍ ሆኖ ንጹሕ ተቆርጦ ታገኘዋለህ፤ ያውም ከመሬት ብዙም ሳይርቅ። ካሮቱ ከነሥሩ ተቆፍሮ ከሆነ ጃርትን ጠርጥሩ። ጭላዳና ዝንጀሮ የቀን ሌቦች ናቸው፤ ሌሊት አይመጡም። ሚዳቋ ከድኩላ ታንሳለች፤ አበላሏ ይመሳሰላል፤ ኮቴዋ ግን በጣም ትንሽ ነው። ሰስ ከገደሉ አይርቅም። ተባዕትና እንስት ሆነው አንድ ገደል ይዘው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይኖራሉ፤ ማሳችሁ ገደል ሥር ካልሆነ አትጠርጥሩት። የድኩላ ኮቴ ቀጠን ያለ፣ ጫፉ የሾለ ነው። የፍየል ደነዝ ይላል። ማሳው ዳር ያለውን አፈር ማታ በቅጠል አለስልሱትና ጠዋት እዩት። ዱካው ይነግራችኋል። ደግሞ ሌሊት ከጥሻው እንደ ውሻ የሚጮህ ነገር ከሰማችሁ ድኩላው ራሱ ሊሆን ይችላል። አደጋ ሲያይ ይጮኻል።

ድኩላ ከሆነ፣ አብሽር፣ መላ አለው።

ከሁሉ የሚሻለው አተካከሉን መቀየር ነው። አሁን ባቄላው ከጥሻው ጋር ተጎራብቷል። ድኩላው አንገቱን አውጥቶ ይበላል፤ ኮሽ ካለ ወደ ኋላ አንድ ዝላይ ነው። ባቄላውንና ጎመኑን ወደ ቤቱ በኩል አምጡት። ከጥሻው ጋር በሚዋሰነው በኩል ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ትከሉ። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ብዙም አይነካውም። ዋጋውም ከባቄላ አያንስም። በዚህ ብቻ ድኩላው የሚፈልገውን ለማግኘት ገላጣ ቦታ አቋርጦ መሄድ ይኖርበታል። ይህን ነው የማይወደው። ጥሻውን ግን አትመንጥሩት። ከተመነጠረ ድኩላው ይሄዳል ማለት አይደለም፤ የሚበላውንም አብራችሁ ስለምታጠፉበት የባሰ ወደ ማሳው ትገፉታላችሁ። አፈሩም ወደ ማሳችሁ ይወርዳል።

አጥር የምትሠሩ ከሆነ ከታች በደንብ ይጠቅጠቅ። ድኩላ መዝለል ይችላል። ግን ቀዳዳ ካገኘ ከመዝለል ሾልኮ መግባት ይመርጣል። ብዙ ሰው ከላይ ያማረ፣ ከታች የተነቃቀለ አጥር ይሠራና «ዘሎ ገባ» ይላል። የግራር ወይም የኮሽም እሾህ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ደርድሩ። የሚመላለስበትን መንገድ ዱካው ያሳያችኋል። ከዚያ ጀምሩ።

ጥበቃውም ሌሊቱን ሙሉ አይደለም። አባትህ በዚህ ዕድሜያቸው ማሳ ላይ ማደር የለባቸውም። ድኩላ ሌሊት ቢወጣም በብዛት የሚንቀሳቀሰው ሲመሻሽና ሊነጋጋ ሲል ነው። ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በኋላ ወንድሞችህ ተራ ቢገቡ በቂ ነው። ማስፈራሪያ ጨርቅና ቆርቆሮ ከሰቀላችሁ በየጥቂት ቀኑ ቦታውን ቀይሩ። አንድ ቦታ የቆመ ማስፈራሪያን ድኩላ ቶሎ ይለምደዋል። ችግኝን ፍየል እንዳይበላው እበት እንደሚቀባው ሁሉ፣ የእበት ውኃ የባቄላው ዳር ላይ መርጨትም ለጥቂት ቀን ይረዳል። ጎመኑና ካሮቱ ላይ ግን እንዳታደርጉት። የሰው ምግብ ነው፤ በሽታ ያመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩበት። ጥርና የካቲት ላይ ከብቱ ወደ ጫካው የሚገባው መኖ ስለሚያልቅ ነው። በማሳ ዳርና በጓሮ ትሪ ሉሰርን ቢተከል ለደጋ የሚስማማ መኖ ነው። በደረቁም ወቅት ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ድኩላም ስለሚወደው ከጥሻው በኩል ሳይሆን ከቤት በኩል ትከሉት። ፍየሏ ጓሮ ከጠገበች፣ የጫካው ለጋ ለጫካው እንስሳ ይተርፋል።

ውሻውን በተመለከተ አባትህን በትሕትና ለምንልኝ። አይልቀቁት። ጥርና የካቲት ላይ የደከመ እንስሳ በውሻ ማሳደድ መግደል ነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። የተለቀቀ ውሻ ድኩላና ግልገል አይለይም። ቁጥቋጦ ሥር ጸጥ ብላ የተኛችውን መጀመሪያ የሚያገኛት እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ከጫካችሁ በላይ፣ አስታውና ጓሳው ባለበት ከፍታ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የትም የለም። የቀረው አዋቂ ቀበሮ ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎባቸው በተደጋጋሚ ብዙዎቹን ገድሏል። አንድ የታመመ ውሻ ወደዚያ ጫካ ቢገባ፣ ድኩላ ከበላው ባቄላ ጋር የሚወዳደር ጥፋት አይሆንም። ውሻችሁን አስከትቡት። ማሳው ዳር አስራችሁት ይጩህ፤ እሱ ይበቃል። ድኩላው የሚፈራው ድምፁንና ሽታውን ነው።

አጥሩንና አተካከሉን ግን ጥር እስኪገባ አትጠብቁ። አባትህ ኅዳር ላይ ነዶውን ከምረው እጃቸው ፈታ ሲል ይጀምሩት። ድኩላው ባቄላውን ቀምሶ መንገዱን ከለመደ በኋላ ማስተው ከባድ ነው። ሳይለምድ በፊት ግን ከታች በደንብ የተጠቀጠቀ እሾህ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። በልጉ ከዘገየ ደግሞ አጥሩን መጋቢት ላይ አታፍርሱት፤ ሰኔ እስኪጥል ድረስ ይቆይ።